ትልቋ ቲቸር

መርሳ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ባለ አንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት ስቀጠር ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ወልድያ ተምሬ ዲፕሎማዬን ይዤ ስለመጣሁ ብዙ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። አብሬያቸው እንድሠራ የተመደብኩባቸው ሴት ዲፕሎማ አልነበራቸውም። ከብዙ ዓመት በፊት ጥቂት ወራት ሠልጥነው ያገኟት አንዲት የደበዘዘች ወረቀት ብቻ ነበረቻቸው፤ ሌላውን ሁሉ የተማሩት ከልጆቹ ነው። ልጆቹ እሳቸውን «ትልቋ ቲቸር»፣ እኔን «ትንሿ ቲቸር» ይሉናል። እኔ እትዬ ነበር የምላቸው።

እትዬ የሚይዙት የመጀመሪያዎቹን፣ ገና ከእናታቸው ጉያ የወጡትን ነው። ሽንቱ የመጣ ልጅ አፉን ሳይከፍት በአቋቋሙ ያውቁታል። ከጥቁር ሰሌዳው ጀርባ በፌስታል ሦስት አራት ቅያሪ ሱሪ ያስቀምጣሉ፤ ልጆቻቸው ያደጉባቸው ሱሪዎች ናቸው። ያመለጠው ልጅ ሲኖር ሌሎቹን መዝሙር ያስጀምሩና እሱን በሻርፓቸው ከልለው ቀይረውት ይመለሳሉ። አንድ ቀን እኔ እንዲህ ያለውን ልጅ ክፍሉ መሐል አቁሜ ስቆጣ ሰሙኝ። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ወንበር እየደረደርን ሳለ፣ «ያስተማርሽውን ቢረሳ ነገ ደግመሽ ታስተምሪዋለሽ፤ ያሳፈርሽውን ግን አይረሳልሽም» አሉኝ። ተቀየምኳቸው። ያልተማሩ ሴት እንዴት እኔን ያርሙኛል ብዬ ሳምንት ያህል በደንብ አላናገርኳቸውም።

መጋቢት ላይ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ ተባለ። ወላጆች እየተጣደፉ መጥተው ልጆቻቸውን ወሰዱ። የትምህርት ቤቱ ባለቤት በር ላይ ቆሞ ለመጣው ሁሉ «ሁለት ሳምንት ነው፣ ሁለት ሳምንት» ይላል። ሁለቱ ሳምንት ወር ሆነ፣ ወሩም ሌላ ወር ወለደ። የትላልቆቹ ትምህርት በሬዲዮ ይሰጣል ሲባል ሰማን። የትንንሾቹን ነገር ያነሳ ሰው ግን አልነበረም። አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ከትምህርት ቤት ቢቀር ምን ይጎድልበታል ብሎ ነው መሰለኝ ሰዉ ሁሉ ዝም ያለው። እኔም ዝም ካሉት አንዷ ነበርኩ።

ሚያዝያ ላይ እትዬ ቤቴ መጡ። አልገቡም፣ ከደጃፉ ራቅ ብለው ቆሙ።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አሉኝ።

«ምን እሠራለሁ እትዬ፣ ቁጭ ብያለሁ።»

«ልጆቹም ቁጭ ብለዋል። ትናንት አንዱን ወንዝ ዳር አገኘሁትና ‹ለ›ን አሸዋው ላይ ጻፍልኝ ብለው ‹ሰ›ን ጻፈልኝ። እየጠፋባቸው ነው።»

«ሲከፈት ይመለስላቸዋል።»

«መቼ ሊከፈት? ልጅ አምስት ዓመት ሁለቴ አይሞላውም» አሉ። ቀጥለው ከተማውን ለሁለት ከፈሉት። ከአስፋልቱ በታች፣ በወንዙ በኩል ያሉትን ልጆች እሳቸው፣ ከአስፋልቱ በላይ ያሉትን እኔ እንድይዝ። አራት አራት ልጅ በአንድ ግቢ፣ ከዚያ በላይ አይሆንም። ወላጅ ከፈቀደ ብቻ። «ይከፍሉናል ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል» አሉኝ፤ ይኸው ነበር መልሳቸው።

ያ ጊዜ መጀመሪያ ላይ ደግ ነበር፣ ይህን መካድ አልፈልግም። ማንጎ ጥላ ሥር ማዳበሪያ አንጥፈን፣ በአንድ ዱላ ርቀት እየለካን እናስቀምጣቸው ነበር። መጀመሪያ ቀን ማስክ አድርጌ ስገባ አንዷ ሕፃን ፈርታ፣ «ቲቸር፣ አፍሽ የት ሄደ?» አለችኝ። እውነትም ከባዱ ነገር እሱ ነበር። ልጅ ‹ጰ›ን እና ‹በ›ን የሚለየው በጆሮው ብቻ አይደለም፣ ከንፈር እያየ ነው። እትዬ ለዚህ መላ ነበራቸው። አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፣ ማስካቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ከንፈራቸውን ገጥመው ‹ጰ› ይላሉ፣ ማስካቸውን መልሰው ይመጣሉ። ልጆቹ ጨዋታ ይመስላቸውና ይንከተከታሉ። እሳቸው ግን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ለእያንዳንዷ ፊደል አሥር እርምጃ መሄድና አሥር እርምጃ መመለስ ማለት ነው። እናቶቹ ማንጎ፣ እሸት፣ አንዳንዴም እንቁላል ይሰጡን ነበር። ይመርቁናል። «እናንተ ባትኖሩ ምን እንሆን ነበር» ይሉናል። እኔም ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ከእኔ አራት ልጆች አንዷ ስድስት ዓመት የሞላት፣ ዝምተኛ፣ እርሳሷን በግራ እጇ የምትይዝ ልጅ ነበረች። አባቷ ግንበኛ ነው፤ ዓረብ አገር ሄዶ ብዙ ዓመት ሲሠራ ቆይቷል። ሰኔ ግድም ከተመላሾቹ ጋር መጣ። ወልድያ ለይቶ ማቆያ ገብቶ ቀኑን ጨርሶ፣ ነፃ ነው የሚል ወረቀት ይዞ ነው ቤቱ የገባው። ወረቀቱን ግን ማን ሊያነብለት? በማግስቱ ከተማው ሁሉ «በሽታው እነዚያ ቤት ገብቷል» አለ።

ሦስቱ እናቶች ተሰብስበው ጠበቁኝ። ከመካከላቸው የግቢው ባለቤት፣ «ቲቸር፣ እኛ ክፉ ሰዎች አይደለንም» አለችኝ። «ግን ያቺ ልጅ ከመጣች የእኛ ልጆች አይወጡም። ምረጪ።»

መረጥኩ። ልጅቷ ቤት ሄጄ፣ ከውጭ ቆሜ እናቷን ጠራኋትና፣ «ለጥቂት ቀን ቤት ትቆይ» አልኳት። እናቷ፣ «ስንት ቀን ነው ጥቂት ቀን?» ብላ ጠየቀችኝ። «ጥቂት ነው፣ እነግርሻለሁ» አልኳት። ልጅቷ ደብተሯን ይዛ፣ ጫማዋን አጥልቃ ከእናቷ ጀርባ ቆማ ነበር። በማግስቱ ትምህርት ላይ እያለን ከግቢው ውጭ መጥታ ቆመች። አጥሩ የቅንጭብ ነው፣ ያሳልፋል፤ ቀሚሷ ይታየኛል። አልጠራኋትም፣ ሂጂ አላልኳትም። ለሌሎቹ ‹ተ ቱ ቲ› እያልኩ ቀጠልኩ። እሷም ከውጭ ሆና በቀስታ ‹ተ ቱ ቲ› ትላለች። ድምፄን ከፍ ያደረግኩት ድምፅዋን እንዳልሰማው ነው።

እትዬ ይህን ከማን እንደሰሙ አላውቅም። መጥተው አልተቆጡኝም። «ልጅቷን እኔ እይዛታለሁ» ብቻ አሉኝ።

«እትዬ፣ ሰው ያወራል» አልኳቸው።

«ያውራ እንግዲህ። አፉ የእሱ ነው።»

በየቀኑ፣ የራሳቸውን ተማሪዎች ከጨረሱ በኋላ፣ ከወንዙ በኩል ወደ ላይ እየወጡ ወደዚያ ቤት መሄድ ጀመሩ። አጥሩ ውስጥ አይገቡም፤ ያያቸው ሰው እንዳይፈራ ብለው ነው። እሳቸው ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ፣ ልጅቷ ከውስጥ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ መሐላቸው ቅንጭብ ነው። ልጅቷ የጻፈችውን ደብተር ከፍ አድርጋ ታሳያቸዋለች፤ እሳቸው ዓይናቸው ስለደከመ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ክረምቱ ሲገባ ጃንጥላ ይዘው ይሄዱ ነበር። ዝናብ ሲበረታ ልጅቷ ወደ ቤት ትገባለች፤ እሳቸው ውጭ ቆመው እስኪያባራ ይጠብቃሉ።

ከዚያ የሆነው ሁሉ በቀስታ ነው የሆነው፣ ማንም አንድ ቀን ተነስቶ አላወገዛቸውም። መጀመሪያ በወንዙ በኩል ካሉት እናቶች አንደኛዋ ልጄን አሞታል አለች። ሌላዋ ገጠር ልንሄድ ነው አለች፤ አልሄደችም። ሦስተኛዋ እሳቸው የተቀመጡበትን ወንበር ዓይናቸው እያየ በበረኪና አጠበችው። በሁለት ሳምንት ውስጥ በወንዙ በኩል አንድም በር የሚከፍትላቸው ጠፋ። የቀረቻቸው ያቺ ከአጥር ወዲያ ያለች ልጅ ብቻ ነበረች።

አንድ ቀን ወፍጮ ቤት ተገናኘን። ማሽላ ይዘው ተራ ቆመው ነበር። ባለወፍጮው፣ «እሜቴ፣ አንቱ እህልዎን እዚያ ያስቀምጡና ራቅ ይበሉ። ሰዉ ሲጨርስ እፈጭልዎታለሁ» አላቸው። ከኋላቸው ከቆሙት ሴቶች ሁለቱ ልጆቻቸውን እሳቸው ያስተማሩላቸው ናቸው። ተራቸውን ጠብቀው ወደ ፊት ተጠጉ። እትዬ ዞር ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ማስኬን ወደ ላይ ሳብ አደረግኩት፤ ፊቴን ማስክ እስከሚችለው ድረስ ሸፈንኩት። እህላቸውን አስቀምጠው ፀሐይ ላይ ሄደው ቆሙ። እኔ አስፈጭቼ ስወጣ አሁንም እዚያው ነበሩ።

ትምህርት ቤቱ ሊከፈት ሲል፣ ኅዳር መግቢያ ላይ፣ ባለቤቱ ወላጆችን ሰበሰበ። ልጆቹ በፈረቃ እንደሚገቡ፣ እጅ መታጠቢያ እንደተዘጋጀ ነገረ። ጥያቄ ካለ ሲል አንድ አባት ተነሳ። «ሴትዮዋ ከልጆቻችን ጋር እንዲገቡ አንፈልግም» አለ። እትዬ ከኋላ፣ በሕፃናቱ አጭር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሰውየው ስማቸውን አልጠራም፣ ወደ እሳቸውም አልዞረም። «ወደዚያ ቤት ሲመላለሱ ነው የከረሙት» አለ።

ባለቤቱ ተጨነቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነው። ወደ እኔ ዞረና፣ «አንቺ አብረሽ ስትሠሪ ነበር። እስቲ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

ምን ማለት እንደነበረብኝ ያኔም አውቀው ነበር። የልጅቷ አባት ነፃ ነው የሚል ወረቀት አለው፣ ቤቱ ውስጥ አንድም ሰው አልታመመም፣ እሳቸው ደግሞ አጥሩን አልፈው አያውቁም ማለት ይበቃ ነበር። ልጅቷ የእኔ ተማሪ ነበረች፣ የገፋኋት እኔ ነኝ ብል ደግሞ ይበልጥ ይበቃ ነበር። እኔ ያልኩት ግን፣ «በየፊናችን ነበርን። የእሳቸውን እኔ አላውቅም» የሚል ነው።

እትዬ ተነሱ። ከዚያ አጭር ወንበር ለመነሳት ጉልበታቸውን መደገፍ ነበረባቸው። «አላህ ይስጥልኝ፣ ብዙ ዓመት አብረን በላን» አሉና ወጡ። በሩን እንኳ በኃይል አልዘጉትም፤ በቀስታ ነው የመለሱት።

ክፍላቸው ለእኔ ተሰጠኝ። የመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹ እያለቀሱ አላስቀመጡኝም። «ትልቋ ቲቸር የት ሄደች?» ይሉኛል። ሲበዛብኝ ጊዜ፣ «አሟታል» አልኳቸው። ያለፍኩት መስሎኝ ነበር። ልጆቹ ግን የሰሙትን ቤታቸው ወስደው አወሩት። በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት በር ላይ ያዘችኝና፣ «አየሽ፣ አላልንም? አሟቸዋል አይደል? እንኳን አላስገባናቸው» አለችኝ። ኧረ አልታመሙም ለማለት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ለልጆቹ ለምን ዋሸሽ እንዳትለኝ ፈራሁና መልሼ ዘጋሁት። ወሬው ተመልሶ እሳቸው ዘንድ እንደደረሰ የሰማሁት ቆይቶ ነው። የቤት አከራያቸው በሽታው እንዳይዘኝ ብሎ ቤቱን አስለቀቃቸው፤ ውርጌሳ፣ ወንድማቸው ቤት ሄዱ። ከመርሳ ያስወጣቻቸው የእኔ አንዲት ቃል ናት።

የበጀት ዓመቱ ሲያልቅ ከወልድያ ጥሪ መጣልኝ። በወረርሽኙ ጊዜ ሕፃናትን ቤት ለቤት ያስተማሩ መምህራን ይመሰገናሉ ተባለ። ባለቤቱ የላከው ስም የእኔን ነው። አልሄድም ማለት ነበረብኝ፤ አዲስ ቀሚስ አሰፍቼ ሄድኩ። አንድ ኃላፊ ተነስቶ፣ ማንም ሳያዛቸው በፀሐይና በዝናብ ሕፃናቱን ያልተዉ ናቸው ብሎ ሲናገር ሰማሁት። ዝናቡን ሲያነሳ ጃንጥላ ይዘው የቆሙት ሴት ታዩኝ። እኔ ክረምቱ ሲበረታ አቋርጬ ቤቴ ነው የከረምኩት። ተጨበጨበልኝ። ፎቶ ተነሳሁ። የምስክር ወረቀቱን ታቅፌ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ፤ መርሳ ሲደርስ ግን መውረድ አልቻልኩም። ረዳቱ «መርሳ ወራጅ» ሲል ዝም አልኩና እስከ ውርጌሳ ሄድኩ።

ውርጌሳ መኪናው ሲቆም ማንጎ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። በእኔ መስኮት በኩል ሳህን ወደ ላይ የዘረጋ እጅ አየሁ፤ ሻርፓቸውን አውቄዋለሁ። እሳቸው ገና አላዩኝም። «ማንጎ፣ ጣፋጭ የሀብሩ ማንጎ» ይላሉ፤ ፊደል በሚያስቆጥሩበት ያንኑ ድምፅ። ቀና ሲሉ አዩኝ። ሳህኑን አላወረዱትም። «ትወስጃለሽ?» አሉኝ።

ወረድኩ። አንዲት ዛፍ ሥር ቆምን። የምስክር ወረቀቱን ከፖስታው አውጥቼ ሰጠኋቸው። ዓይናቸው አጠገብ አድርገው ጮክ ብለው፣ ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል አነበቡት። ሲጨርሱ፣ «ስምሽን በደንብ ጽፈውልሻል» አሉ።

«እትዬ፣ የእርስዎ ነው። ልሰጥዎት ነው የመጣሁት።»

«ስምሽ ያለበትን ወረቀት ምን አደርገዋለሁ?»

«ይቅር ይበሉኝ።»

ወረቀቱን አጥፈው ወደ ፖስታው መለሱና ሰጡኝ። «እኔ ትልቅ ሰው ነኝ። የእኔስ ያልፋል» አሉ። «ልጅቷ ዘንድ ሄደሻል?»

አልሄድኩም ነበር። የት እንዳለች እንኳ አላውቅም። እሳቸው ነገሩኝ። አባቷን ግቢዬ ገብተህ ግንብ ገንባልኝ የሚለው ሰው ጠፋ። ጥር ላይ በመጣበት በረሃ ተመልሶ ሄደ። ከባሕሩ ወዲህ ሆኖ አንድ ጊዜ ደውሏል፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ የለም። እናትና ልጅ ሐራ፣ የእናትየው ዘመዶች ዘንድ ገብተዋል። ይህን ሲነግሩኝ ሌላ መኪና መጣ፤ ሳህናቸውን ይዘው ሄዱ።

በሳምንቱ ሐራ ሄድኩ። እናትየው ልብስ እያጠበች አገኘኋት። እጇ አረፋ ነው፤ ለሰላምታ አልዘረጋችልኝም። ግቢ አላለችኝም። ምን እንዳልኳት በደንብ አላስታውስም፤ ይቅርታ የሚል ነገር ነው። እሷ ያለችኝን ግን አስታውሳለሁ።

«ጥቂት ቀን ብለሽኝ ነበር። እኔ እውነት መስሎኝ እቆጥር ነበር» አለችኝ። «አባቷም ሲወጣ ለልጅቱ ጥቂት ቀን ነው ብሏታል። አሁን ጥቂት ቀን ሲባል ስትሰማ ታለቅሳለች።»

ልጅቷ ከቤት ወጣች። ቁመቷ ጨምሯል። መጽሐፍ ይዛለች፤ ማንበብ ትችላለች አለች እናቷ፣ በኩራት ሳይሆን በቁጣ። ልጅቷ አየችኝና፣ «ትልቋ ቲቸር ናት የላከችሽ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። አሁንም ዋሸሁ። እውነቱን ብነግራት ፊቷ የሚሆነውን ማየት አልቻልኩም።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ አካባቢያችን ደረሰ። ሸሸን፣ ተመለስን፤ ትምህርት ቤቱ ወንበር እንኳ አልተረፈውም። ስለዚያ ሌላ ሰው ይጻፍ። አንዳንድ ሰዎች ያ ሁሉ መከራ የኮሮናውን ጊዜ አስረሳን ይላሉ። ለብዙዎች እውነት ይሆናል። ለእኔ ግን አይደለም፤ ጦርነቱን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ማንም ስሜን ጠርቶ አይጠይቀኝም። ያኛውን ግን እኔ ነኝ የሠራሁት።

ትምህርት ቤቱ እንደገና ሲከፈት አስተማሪ ጠፋ። ባለቤቱ ራሱ ውርጌሳ ድረስ ሄዶ እትዬን ለመናቸው። እምቢ አሉት። «ልጆቹን እወዳቸዋለሁ፤ እናቶቻቸውን ግን በር ላይ ማየት አልችልም» አሉት አሉ። እሱ ሲነግረኝ እንደ ቅያሜ ቆጥሮባቸው ነበር፤ «ትልቅ ሰው ሆነው ቂም ይዘዋል» አለኝ። ቂም ቢይዙስ ብዬ ልመልስለት ነበር፤ እንደለመድኩት ዝም አልኩ።

አሁንም እዚያው አስተምራለሁ። አዲስ የሚቀጠሩትን ልጆች የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ያመለጠውን ሕፃን መዝሙር አስጀምራችሁ ከልላችሁ ቀይሩት እላቸዋለሁ፤ ይጽፉታል፤ ከማን እንደተማርኩት አልነግራቸውም። ብነግራቸው ቀጣዩን ይጠይቁኛል፤ አሁን የት ናቸው ይሉኛል።

ወደ ደሴ ስሄድ መኪናው ውርጌሳ ይቆማል። እትዬ አንዳንዴ አሉ፣ አንዳንዴ የሉም። ካሉ መስኮቱ ሥር ይመጣሉ። ማንጎ እገዛቸዋለሁ፣ መልስ ይመልሱልኛል፣ ሳንቲም አያጎድሉም፣ አይጨምሩልኝም። ከዚያ ስለ ልጆቹ ይጠይቁኛል። የወንዝ ዳሩ ልጅ ስንተኛ ክፍል ደረሰ፣ ያቺ ‹ረ› የማይወጣላት ተስተካከለላት ወይ ይሉኛል። ሁሉንም አንድ በአንድ ያስታውሳሉ፤ የዚያችን ወንበራቸውን በበረኪና ያጠበች እናት ልጅ ሳይቀር። እኔ እመልሳለሁ፣ እሳቸው ይሰማሉ፣ መኪናው ይንቀሳቀሳል። አንቺስ እንዴት ነሽ ብለውኝ አያውቁም።